ሳይታወቅ የተለካው ጅረት

በሽቦ ውስጥ የሚሄደው ነገር ምን እንደሆነ ከመታወቁ 70 ዓመት ቀደም ብሎ መጠኑ ይለካ፣ ሕጉም በቀመር ይጻፍ ነበር። የኤሌክትሪክ ጅረት፣ ማለትም አካላት በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሳሳቡ ወይም እንዲገፋፉ የሚያደርገው ሙል ከቦታ ወደ ቦታ የሚያደርገው ጉዞ፣ በፊዚክስ ታሪክ ውስጥ የተለየ ስፍራ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሊቃውንቱ የሚለኩትን ሳያውቁ ለኩ፣ ነጋዴዎችም ምንነቱ ባልታወቀ ነገር መልእክት እያስተላለፉ ገንዘብ ሰበሰቡ፣ የተሳሳተው ሥዕልም ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ስሌት ሰጠ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤሌክትሪክ የሚጓዝ ነገር መሆኑ ራሱ ዘግይቶ የተደረሰበት ሐሳብ ነው። የተፋተገ የዛፍ ሙጫ ገለባ እንደሚስብ ከጥንታዊ ግሪኮች ዘመን ጀምሮ ቢታወቅም፣ ይህ ባሕርይ ከተፋተገው አካል የማይለይ፣ እዚያው ተወስኖ የሚቀር ተደርጎ ይታይ ነበር። ይህን አስተሳሰብ የለወጠው በካንተርበሪ ከተማ በጨርቅ ማቅለም ሙያ ይተዳደር የነበረው እንግሊዛዊ ስቲቨን ግሬይ ሲሆን፣ በ1729 በኬንት አውራጃ በወዳጁ በግራንቪል ዊለር ቤት ባደረጋቸው ሙከራዎች ከተፋተገ የብርጭቆ ቱቦ የተነሣው ኃይል በረጅም የሲባጎ ገመድ በኩል ሄዶ በገመዱ ጫፍ የታሰረች የዝሆን ጥርስ ኳስ ቀላል ነገሮችን እንድትስብ እንደሚያደርግ አሳየ። ገመዱን ደግፎ የያዘው የሐር ክር ክብደቱን መሸከም አቅቶት ሲበጠስ በቀጭን የናስ ሽቦ ተተካ፤ በዚህን ጊዜ ኃይሉ ከገመዱ ጫፍ ሳይደርስ ጠፋ። ሽቦውም ክሩም ቀጫጭን ስለነበሩ ልዩነቱን ያመጣው ውፍረት ሳይሆን የቁሱ ዓይነት መሆኑ ግልጽ ሆነ፤ ሐር ኤሌክትሪክን ሲይዝ ናስ ደግሞ አሾልኮ ይለቀዋል። ቁሶችን አስተላላፊና የማያስተላልፍ ብሎ መክፈል የተጀመረው ከዚህ ነው።

ከግሬይ በኋላ በነበሩት ሃያ ዓመታት ጥያቄው የሚሄደው ምንድን ነው ወደሚል ዞረ። ፈረንሳዊው ሻርል ዱ ፌ በ1733 ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ መኖሩን፣ አንዱ በብርጭቆ ሌላው በሙጫ ላይ እንደሚገኝ አስታወቀ። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1747 በጻፋቸው ደብዳቤዎች ደግሞ ሁለት ፈሳሽ ማሰብ አያስፈልግም፣ ፈሳሹ አንድ ነው፣ የበዛበት አካል አዎንታዊ፣ ያነሰበት አካል አሉታዊ ይሆናል ብሎ ተከራከረ። የትኛው አካል እንደበዛበት የሚያሳይ ምንም ምልክት ስላልነበረ ፍራንክሊን በጨርቅ የተፋተገው ብርጭቆ አዎንታዊ ነው ብሎ መደበ፤ ምደባው ከግምት የማያልፍ ቢሆንም እስከ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት የጅረት አቅጣጫ ቀስት የሚጠቁመው እሱን ተከትሎ ነው።

የዚያ ዘመን ኤሌክትሪክ ግን አንዴ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነበር። የላይደን ብልቃጥ የሚባለው፣ ከውስጥም ከውጭም በአስተላላፊ ቁስ የተሸፈነው የብርጭቆ ዕቃ ያጠራቀመውን ሙል በቅጽበት ይለቃል። ዣን አንትዋን ኖሌ በ1746 በንጉሥ ሉዊ 15ኛ ፊት እጅ ለእጅ የተያያዙ 180 ወታደሮችን በአንድ ብልቃጥ ምት በአንድነት ሲያዘልል፣ ዊልያም ዋትሰን በ1748 ለንደን አጠገብ ወደ 4 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ሽቦ የጉዞውን ፍጥነት ለመለካት ሞክሮ መነሻውንና መድረሻውን በጊዜ መለየት አልቻለም። በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ጅረትን ማጥናት አይቻልም ነበር፤ የማይቋረጥ ምንጭ ያስፈልግ ነበርና።

ምንጩ የተገኘው በእንቁራሪት እግር ሰበብ በተነሣ ክርክር ነው። የቦሎኛው ሐኪም ሉዊጂ ጋልቫኒ በ1791 ባሳተመው ጥናት፣ የሞተች እንቁራሪት ጅማትና ጡንቻ በሁለት ዓይነት ብረታ ብረት ሲያያዙ እግሯ የሚፈራገጠው በእንስሳው አካል ውስጥ ባለ ኤሌክትሪክ ነው ብሎ ነበር፤ የፓቪያ ዩኒቨርሲቲ መምህሩ አሌሳንድሮ ቮልታ ግን ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው ከሁለቱ የተለያዩ ብረታ ብረቶች መነካካት ነው፣ እንቁራሪቷ ምልክት ከማሳየት በቀር ድርሻ የላትም ሲል ተቃወመ። ክርክሩን ለማሸነፍ ሲል የብርና የዚንክ ጠፍጣፋ ክቦችን፣ በመካከላቸው በጨው ውሃ የተነከረ ካርቶን እያስገባ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደረደረ፤ ባትሪ የተባለው የዚህ ድርድር ጫፎች በሽቦ ሲያያዙ ኤሌክትሪኩ አንዴ ብቻ ሳይሆን ያለማቋረጥ ፈሰሰ። ቮልታ ይህን መጋቢት 20 ቀን 1800 በተጻፈ ደብዳቤ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ለጆሴፍ ባንክስ አሳወቀ። ደብዳቤው በይፋ ከመነበቡ በፊት ወሬውን የሰሙት ዊልያም ኒኮልሰንና አንቶኒ ካርላይል በዚያው ዓመት ግንቦት ውስጥ በዚሁ መሣሪያ ውሃን ወደ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ከፋፈሉ። ቮልታ ስለ ምንጩ የሰጠው ማብራሪያ ግማሽ ስሕተት ነበር፤ ጅረቱን የሚያስቀጥለው ዚንኩን ቀስ በቀስ የሚበላው ኬሚካዊ ለውጥ ሲሆን፣ በዚህ ላይ የተነሣው ሙግት ለአሥርተ ዓመታት ዘልቋል። የባትሪው ሥራ ግን ማብራሪያው እስኪስተካከል አልጠበቀም።

በባትሪ የታጠቀው ዓለም 20 ዓመት ያህል ብልጭታና ኬሚካዊ ለውጥ እያየ ከቆየ በኋላ፣ የኮፐንሃገኑ ሃንስ ክርስቲያን ኧርስተድ ሐምሌ 21 ቀን 1820 በላቲን ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ ጅረት በሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ የተቀመጠ የኮምፓስ መርፌ ከአቅጣጫው እንደሚዞር አስታወቀ። ኧርስተድ በሽቦው ውስጥ የሚካሄደውን ነገር ጅረት አላለውም፤ የሁለት ተቃራኒ ኤሌክትሪኮች ግጭት አድርጎ ይረዳው ነበር። ወሬው ፓሪስ በደረሰ በቀናት ውስጥ ሥራ የጀመረው አንድሬ ማሪ አምፔር ግን ሁለት ነገሮችን ለየ፦ አንደኛው ሽቦው ሳይያያዝ በባትሪው ጫፎች መካከል ያለው ውጥረት፣ ማለትም ቆይቶ ቮልቴጅ የተባለው፣ ሁለተኛው ሽቦው ሲያያዝ የሚነሣው ጅረት ነው። መርፌው በሽቦው ላይ የትም ቢቀመጥ፣ በባትሪው በራሱ ላይ እንኳ ቢሆን፣ የሚዞረው በእኩል መጠን በመሆኑ አምፔር ጅረቱ ከአንዱ ጫፍ ወጥቶ በሌላው የሚያልቅ ሳይሆን በባትሪው ውስጥ አልፎ የሚመለስ ዙር ነው ብሎ ደመደመ። ይህ የተዘጋ መንገድ በዛሬው ቋንቋ ሰርኪት ይባላል። አምፔር የጅረቱን አቅጣጫ አዎንታዊው ኤሌክትሪክ በሚሄድበት አቅጣጫ ሲወስን የፍራንክሊን ምደባ ሥር ሰደደ።

መርፌው መለኪያ ሆነ፤ ሽቦውን ብዙ ጊዜ በመርፌው ዙሪያ በመጠምጠም ደካማ ጅረት እንኳ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ጋልቫኖሜትር፣ ተሠራ። ቀሪው ጥያቄ ባትሪውና ሽቦው ከታወቁ ጅረቱ ምን ያህል ይሆናል የሚለው ሲሆን፣ መልሱን ያመጣው የቁልፍ ሠሪ ልጅ የሆነው፣ በኮሎኝ ከተማ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ ያስተምር የነበረው ጌዎርግ ዚሞን ኦም ነው። ኦም በ1825 ያወጣው የመጀመሪያ ቀመር ስሕተት ነበር፤ የስሕተቱም ምንጭ ሒሳቡ ሳይሆን ባትሪው ነበር፣ ምክንያቱም የዚያ ዘመን ባትሪ ሙከራው ተጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ ኃይሉ እየዋዠቀ ይደክም ነበር። የሳይንስ መጽሔት አዘጋጁ ዮሐን ክርስቲያን ፖጌንዶርፍ ባትሪውን ትቶ ቶማስ ዜቤክ በ1821 ያገኘውን ምንጭ እንዲጠቀም መከረው፤ ይህም ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች ተገጣጥመው አንዱ መገጣጠሚያ ሲሞቅ ሌላው ሲቀዘቅዝ የሚነሣው ጅረት ነው።

ኦም ምክሩን ተቀብሎ በ1826 መጀመሪያ ቢስሙት የሚባለውን ብረታ ብረት ከመዳብ ጋር አገጣጠመ፤ አንዱን መገጣጠሚያ በሚፈላ ውሃ፣ ሌላውን በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ አደረገ። ውሃ እስከ ፈላና በረዶ እስከ ቀለጠ ድረስ የሙቀቱ ልዩነት ስለማይለወጥ ምንጩም አይለወጥም፤ የሙከራው ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። ከዚያም ውፍረታቸው እኩል፣ ርዝመታቸው ግን የተለያየ ስምንት የመዳብ ሽቦዎችን በየተራ እያገናኘ፣ ጅረቱ የማግኔት መርፌውን የሚያዞርበትን ኃይል በቀጭን ማንጠልጠያ ጥምዘዛ ለካ። ውጤቱ ያለማሰለስ አንድ መልክ ነበረው፤ ጅረቱ የሚገኘው የምንጩ ኃይል በሁለት ነገሮች ድምር ሲካፈል ነው፣ አንደኛው የተገናኘው ሽቦ ርዝመት፣ ሁለተኛው የቀሪው ሰርኪት ድርሻ የሆነ የማይለወጥ ቁጥር። በዛሬው አነጋገር ጅረት ማለት ቮልቴጁ ለሬዚስታንስ፣ ማለትም ቁሱ ጅረቱን ለመገደብ ላለው ባሕርይ፣ ሲካፈል የሚገኘው ነው።

በ1827 በበርሊን ያሳተመው መጽሐፍ ግን ሙከራውን ከመተረክ ይልቅ ሒሳባዊ ማብራሪያ ላይ ያተኮረ ነበር። ኦም ከጥቂት ዓመታት በፊት የወጣውን የጆሴፍ ፉሪየን የሙቀት ፍሰት ጥናት ለራሱ ዓላማ አዋለው፤ ሙቀት በብረት ዘንግ ውስጥ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ቦታ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ኤሌክትሪክም በሽቦው ውስጥ ከበዛበት ወደ አነሰበት ይሄዳል ብሎ አሰበ። ይህ ሥዕል ስሕተት ነበረበት፤ ጅረት በሚያልፍበት ሽቦ ውስጥ ሙል እንደ ሙቀት በየቦታው ተከማችቶ አይገኝም፣ የተጠራቀመ ሙል ካለ የሚቀመጠው በሽቦው ገጽ ላይ ነው። ጉስታቭ ኪርክሆፍ በ1849 ኦም ያሰበው የኤሌክትሪክ ብዛት በእርግጥ ቮልቴጅ መሆኑን በማሳየት ሥዕሉን አስተካከለው፤ ቀመሩ ግን ሳይነካ ቀረ።

ኦም በዘመኑ ያልተረዱት፣ የተጨቆነ ሊቅ ተደርጎ የሚቀርብበት ልማድ የተጋነነ ነው። በእርግጥ መጽሐፉ እንደ ጌዎርግ ፍሪድሪኽ ፖል ያሉ ኃይለኛ ተቺዎች ነበሩት፣ የኮሎኝ ሥራውንም ለቆ ለዓመታት በቂ ቦታ ሳያገኝ ኖሯል፤ ቢሆንም የላይፕዚጉ ጉስታቭ ፌሽነር በ1831 ሕጉን በሙከራ አረጋግጦለታል፣ በ1841 ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳልያ ሸልሞታል። የተመኘውን የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህርነት ያገኘው ግን በ1852፣ ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው ነበር። የሕጉ ጥቅም ሙሉ ሆኖ የወጣው ኪርክሆፍ ገና የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ በ1845 ባወጣቸው ሁለት ደንቦች ነው፤ በአንደኛው ደንብ መሠረት ሽቦዎች በሚገናኙበት ነጥብ የገባው ጅረት ሁሉ ይወጣል፣ በሁለተኛው ደግሞ በማናቸውም የተዘጋ ዙር ላይ ያሉት የቮልቴጅ ጭማሪዎችና ቅናሾች ይጣፋሉ። የመጀመሪያው ደንብ ሙል አይፈጠርም፣ አይጠፋም ከማለት የተለየ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የቤተ ሙከራ ሰዎች ነበር፤ ወደ ገበያ ያወጣው ቴሌግራፍ ነው። አጭር የየብስ መስመር በኦም ሕግ ያለ ችግር ይሠራ ነበር፣ በጉታ ፐርቻ፣ ማለትም ከሩቅ ምሥራቅ በሚመጣ የዛፍ ሙጫ፣ ተሸፍኖ በባሕር ውስጥ የተዘረጋ ረጅም ኬብል ግን እንግዳ ጠባይ አሳየ። በአንዱ ጫፍ በድንገት የተላከ ምልክት በሌላው ጫፍ ቀስ ብሎ እየጨመረ፣ ቀስ ብሎም እየጠፋ ይደርሳል፤ ፈጥነው የተከታተሉ ምልክቶችም ይደባለቃሉ። ማይክል ፋራዳይ በ1854 ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ መዳቡ ከውስጥ፣ የባሕሩ ውሃ ከውጭ፣ ሙጫው በመካከል ሆነው ኬብሉን እጅግ ረጅም የላይደን ብልቃጥ እንዳደረጉት፣ ጅረቱም ወደ ፊት ከመቀጠሉ በፊት ይህን ብልቃጥ በሙል መሙላት እንዳለበት ገለጸ። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ መምህሩ ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ ልክ እንደ ኦም የፉሪየን ሒሳብ ተጠቅሞ መዘግየቱ ከርዝመቱ ካሬ ጋር እንደሚያድግ አሰላ፤ ኬብሉ እጥፍ ሲረዝም መዘግየቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

የአትላንቲክ ቴሌግራፍ ኩባንያ የኤሌክትሪክ ኃላፊ የነበረው ዋይልድማን ኋይትሃውስ ይህን አልተቀበለም። ኋይትሃውስ በሙያው ቀዶ ሐኪም የነበረ፣ ኤሌክትሪክን በራሱ ሙከራ የተማረ ሰው ሲሆን፣ የካሬው ሕግ በተግባር እንደማይታይ ከቶምሰን ጋር በአደባባይ ተከራክሯል። ከአየርላንድ እስከ ኒውፋውንድላንድ የተዘረጋው ኬብል ነሐሴ 5 ቀን 1858 ተጠናቀቀ፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቡካናን የላከችው ባለ 98 ቃል መልእክት ለመተላለፍ 16 ሰዓት ፈጀ። ኋይትሃውስ ምልክቱን ለማጠንከር ወደ 2,000 ቮልት የሚጠጋ ኃይል በኬብሉ ላይ ለቀቀ፤ ቶምሰን በበኩሉ ትንሽ መስተዋት በተለጠፈባት ቀላል ማግኔት ላይ ብርሃን እያንጸባረቀ እጅግ ደካማ ጅረት የሚያነብ ጋልቫኖሜትር ሠርቶ ነበር። ኬብሉ አገልግሎት በሰጠ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ዝም አለ።

ጥፋቱን በሙሉ በኋይትሃውስ ላይ መጫን ቀላል ነው፣ ኩባንያውም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ነገር ግን ኬብሉ በችኮላ የተሠራ፣ መዳቡም ከሙጫው መሐል የሸሸበት ቦታ የነበረው፣ ለፀሐይ ተጋልጦ የተቀመጠ ዕቃ ስለነበረ ዕድሜው ቀድሞውንም አጭር ነበር። ለዕውቀት ታሪክ ዋናው ነገር ከውድቀቱ በኋላ የመጣው ነው። መንግሥትና ኩባንያው በጋራ ያቋቋሙት መርማሪ ኮሚቴ ምስክር ሲሰማ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ስለ ሬዚስታንስና ስለ ቮልቴጅ የሚነጋገሩበት የጋራ መለኪያ እንደሌላቸው ታየ። ቶምሰን ራሱ ኬብሉ ከመዘርጋቱ ከአንድ ዓመት በፊት ከተለያዩ ፋብሪካዎች የወጣ፣ በዓይን የማይለያይ መዳብ ጅረትን የማስተላለፍ ችሎታው እጅግ እንደሚለያይ አረጋግጦ ነበር፤ ገዢው ግን መዳብ በክብደት እንጂ በሬዚስታንስ አይገዛም ነበር። በ1861 በቶምሰን አሳሳቢነት የብሪታንያ የሳይንስ ዕድገት ማኅበር የመለኪያ ኮሚቴ አቋቋመ፣ ኬብል አምራቾችም ዕቃቸውን በየደረጃው በቁጥር መፈተን ለመዱ። በ1866 ግሬት ኢስተርን በተባለችው ግዙፍ መርከብ የተዘረጋው፣ በየማይሉ ከቀድሞው ሦስት እጥፍ ገደማ መዳብ የያዘው ኬብል ሠራ። በ1881 በፓሪስ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ ኦም፣ ቮልት፣ አምፔር፣ ኩሎምና ፋራድ የሚባሉትን መለኪያዎች አጸደቀ፤ ጅረት በአምፔር፣ ሙል በኩሎም መቆጠር ጀመረ፣ የሚቆጠረው ነገር ግን አሁንም አልታወቀም።

እንዲያውም በዚህ ወቅት ብዙ የብሪታንያ ሊቃውንት በሽቦው ውስጥ የሚሄድ ነገር ስለመኖሩ ይጠራጠሩ ነበር። ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ጅረት ክብደት ያለው ነገር ከሆነ ሲቆምና ሲነሣ ግፊት ማሳየት አለበት ብሎ የሚሽከረከር ጥቅል ሽቦ ሠርቶ ቢሞክር ምንም አላገኘም። ጆን ሄንሪ ፖይንቲንግ በ1884 ደግሞ አምፖልን የሚያበራው ወይም ሽቦን የሚያሞቀው ጉልበት በሽቦው ሆድ ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው ባለው የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ በኩል ተጉዞ ከጎን ወደ ሽቦው እንደሚገባ በሒሳብ አሳየ። ይህ ውጤት ዛሬም ትክክል ነው፤ ሙል በሽቦው ውስጥ ይሄዳል፣ ጉልበቱን የሚያደርሰው ግን መስኩ ነው።

የሚሄደው ነገር ማንነት የተገለጠው ከሽቦ ውጭ ነው። ጆሴፍ ጆን ቶምሰን በ1897 በካምብሪጅ፣ አየሩ በተመጠጠ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ የሚታየው ጨረር አሉታዊ ሙል የተሸከሙ፣ ክብደታቸው ከሃይድሮጅን አቶም አንድ ሺኛ የሚያንስ ቅንጣቶች መሆኑን አሳየ፤ ጆርጅ ጆንስተን ስቶኒ በ1891 ለሙል መነሻ አሃድ ያወጣው ኤሌክትሮን የሚለው ስም ለእነዚህ ቅንጣቶች ተሰጠ። ፓውል ድሩደ በ1900 ብረታ ብረት በነፃ በሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች የተሞላ ነው ብሎ ከዚህ በመነሣት የኦምን ሕግ አወጣ። ማክስዌል ያጣውን ግፊት ሪቻርድ ቶልማንና ዴል ስቱዋርት በ1916 አገኙት፤ በፍጥነት የሚሽከረከር ጥቅል ሽቦ በድንገት ሲቆም ኤሌክትሮኖቹ ለቅጽበት ጉዟቸውን ስለሚቀጥሉ ያለ ባትሪ ጅረት ይታያል፣ አቅጣጫውም ተጓዦቹ አሉታዊ መሆናቸውን ይመሰክራል።

ከዚህ በኋላ ፍጥነቱን ማስላት ቀላል ሆነ፣ ውጤቱም ብዙዎችን ያስገርማል። ውፍረቱ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ ውስጥ 1 አምፔር ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹ በአማካይ ወደ ፊት የሚጓዙት በሰከንድ 0.07 ሚሊ ሜትር፣ በሰዓት 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ማብሪያው ሲጫን አምፖሉ ወዲያው የሚበራው፣ ሽቦው በሙሉ ከመጀመሪያውም ውሃ እንደሞላ ቧንቧ በኤሌክትሮን የተሞላ ስለሆነና ሁሉንም ወደ አንድ ወገን የሚገፋው መስክ ወደ ብርሃን በሚጠጋ ፍጥነት ስለሚደርስ ነው። ለመኖሪያ ቤት በሚታደለው ተለዋዋጭ ጅረት ውስጥማ ኤሌክትሮኖቹ በአንድ ስፍራ ወዲያ ወዲህ ከማለት አያልፉም፤ ዋትሰን በ1748 የፈለገው ፍጥነት የኤሌክትሮኖቹ ሳይሆን የመስኩ ነበር።

የአቅጣጫው ነገር ግን ኤሌክትሮን ከተገኘም በኋላ ፍራንክሊን ተሳሳተ በሚል አጭር ፍርድ የሚዘጋ አይደለም። አሜሪካዊው ተማሪ ኤድዊን ሆል በ1879 ጅረት የሚያልፍበትን ስስ የወርቅ ቅጠል በማግኔት መካከል ሲያደርግ በቅጠሉ ጎንና ጎን መካከል ትንሽ ቮልቴጅ አገኘ፤ ቆይቶ ብረትን ሲሞክር ምልክቱ ተገላበጠ፣ በዚያ ብረት ውስጥ የሚሄደው አዎንታዊ እንደሆነ ሁሉ። ይህ እንቆቅልሽ የተፈታው ከ50 ዓመት በኋላ በኳንተም መካኒክስ ሲሆን፣ ኤሌክትሮን የጎደለበት ክፍት ቦታ ራሱ እንደ አዎንታዊ ሙል ሊንቀሳቀስ መቻሉ ተረጋገጠ። በጨው ውሃ ውስጥ ደግሞ አዎንታዊዎቹም አሉታዊዎቹም ቅንጣቶች በተቃራኒ አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ይጓዛሉ። የሰርኪት ስሌት የሚጠይቀው የሙሉን መጠንና አንድ የተስማሙበትን ቀስት ብቻ በመሆኑ መሐንዲሶች የአምፔርን ቀስት ለመቀየር ምክንያት አላገኙም።

የመለኪያው ትርጉም ግን ተቀይሯል። ከ1948 ጀምሮ አምፔር የሚተረጎመው በማግኔታዊ ኃይል ነበር፤ 1 ሜትር ተራርቀው ጎን ለጎን የተዘረጉ እጅግ ረጃጅም ሽቦዎች በእያንዳንዱ ሜትር በ1 ኒውተን 2 አሥር ሚሊዮንኛ የሚሳሳቡበት ጅረት 1 አምፔር ይባል ነበር፣ ይህም አምፔር ራሱ በ1820 ያየውን ኃይል የሚከተል እንጂ ስለ ተጓዡ ቅንጣት ምንም የማይል ትርጉም ነው። ከግንቦት 20 ቀን 2019 ወዲህ የአንድ ኤሌክትሮን ሙል መጠን በማይለወጥ ቁጥር ስለተወሰነ 1 አምፔር በሰከንድ ከ6 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ የሆኑ እንዲህ ዓይነት ሙሎች ማለፍ ማለት ሆኗል።